አዲስ ቤት ልረከብ ነው፣ ውሃ ሳይገባ ፈርሙ እያሉን ነው፣ ምን ምን ይታይ?

የአቡዳቢዋ፦
ሰላም ቤተሰብ እንደምን ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል ግን በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ በናታችሁ አንብባችሁ አንድ ነገር በሉኝ። እኔ ምሰራው አቡዳቢ ነው፣ ከስድስት አመት በፊት አዲስ አበባ ከአንድ ሪል እስቴት ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ገዛሁ (ስማቸውን አልጠራም፣ ገና ቁልፌ እነሱ ጋ ነው ሃሃሃ)። በሶስት አመት እናስረክባለን ብለው በስድስተኛው አመት ባለፈው ሳምንት ደወሉ። ቤትሽ አልቋል፣ ቅዳሜ መጥታችሁ ተረከቡ አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ ስራ ቦታ ቆሜ አለቀስኩ።

ህንፃው ጂ+9 ነው የኔ 5ኛ ፎቅ፣ ውሉ ላይ 92 ካሬ ይላል፣ ፉል ፊኒሽድ፣ ማለት ሁሉ ነገሩ ተጠናቆ ሚሰጥ። ውክልና ያለው ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ሂሳብ አስተማሪ ነው ስለ ግንባታ ምንም አያውቅም። ሀሙስ ሄዶ ሲያየው ቤቱ ያበራል ወለሉ መስታወት ነው አለኝ፣ በቪዲዮ ሲያሳየኝም እውነትም ያምራል። ከዛ ቧንቧ ክፈት አልኩት፣ ከፈተ፣ ፉፍ ብሎ አየር ብቻ። ውሃ ገና ነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይገባል፣ እናንተ ግን ቅዳሜ ፈርሙ፣ ካልፈረማችሁ የጥበቃና የፅዳት ሂሳብ መቁጠር ይጀምራል አሉት። የመጨረሻው 10 ፐርሰንት ክፍያም ርክክብ ላይ ነው። ሚፈረመው ወረቀት ደግሞ "ቤቱን በሚገባ አይቼ ምንም ጉድለት የሌለበት መሆኑን አረጋግጬ ተረክቤያለሁ" ይላል፣ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ።

ጥያቄዬ፣ ይሄን መፈረም ችግር አለው? ወንድሜ ቅዳሜ ምን ምን ይይ? መሃንዲስ መቅጠርስ ያስፈልጋል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?

ቱንቢ፦
በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ሳይት ላይ ዘጠኝ አመት ሰርቻለሁ፣ አስረካቢም ሆኜ ተረካቢም ሆኜ አይቸዋለሁ፣ ስለዚህ ከዛኛው ወገን ያለውን ልንገርሽ። ያበራል ማለት ከሶስት ቀን በፊት ተቀብቷል ማለት ነው። ርክክብ ሲቃረብ ሳይት ላይ መጨረሻ ሚገቡት ቀለም ቀቢዎችና ወለል አጣቢዎች ናቸው፣ ስንጥቁም እርጥበቱም ሁሉም በስቱኮ ተደፍኖ ከላዩ ቀለም ይሄድበታል፣ ሁለት ወር ያስችለዋል። እኔም አድርጌዋለሁ አልዋሽሽም፣ አለቃ ሲያዝ ምን ታደርጊያለሽ።

ውሃ ስለሌለ አይፈተሽም ብላችሁ ግን እንዳትተዉት። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ሚፈተሹት። አንደኛው ወለሉ ውሃ ያሳልፋል ወይ ሚለው ነው፣ ለዚህ የመንግስት ውሃ አያስፈልግሽም ጀሪካን ይበቃል። ወንድምሽ ሂሳብ አስተማሪ ከሆነ ራሱ ያስላው፣ የሻወሩ ወለል ሁለት ካሬ ቢሆን አራት ሳንቲሜትር ከፍታ ውሃ ለመያዝ 80 ሊትር ነው፣ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን አራት ማለት ነው። መውረጃውን ጨርቅ በፌስታል ጠቅልሎ በደንብ ይወትፈው፣ ደፍ ከሌለው በሩ ጋ በሲሚንቶ ወይ በጭቃ ትንሽ ግድብ ያድርግ፣ ውሃውን ይሙላ፣ የደረሰበትን ቦታ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ያመልክት፣ 24 ሰአት ይተወው። በማግስቱ ከፕላስተሩ ምን ያህል እንደወረደ ያያል፣ ከሁሉ በላይ ግን 4ኛ ፎቅ ወርዶ በትክክል ከስሩ ያለውን ኮርኒስ ያያል። እዚህ ላይ ነው ሰው ሚሳሳተው፣ የራሱን ቤት ብቻ አይቶ ይሄዳል፣ ያንቺ ውሃ ሚታየው እኮ ጎረቤትሽ ጋ ነው።

ሁለተኛው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የውሃ መስመር ነው። እሱም ቢሆን ቧንቧ ሰራተኞች የእጅ ፓምፕ አላቸው፣ ባልዲ ውሃ አስቀምጠው መስመሩን ሞልተው በግፊት እስከ 8፣ 10 ባር ወጥረው ይተውታል፣ የግፊት መለኪያው መርፌ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ፒፒአር ሚባለው የፕላስቲክ ውሃ ቱቦ በማሽን ሞቆ ነው ሚጣበቀው፣ ሰራተኛው ሲቸኩል በደንብ ሳይሞቅ ያገጣጥመዋል፣ ለአመትም ለሁለት አመትም ዝም ብሎ አንድ ቀን ይለቃል። ይሄ የግፊት ፍተሻ (ፕሬዠር ቴስት) የተደረገበትን ወረቀት አሳዩን በሏቸው፣ ካለ ያሳያሉ፣ ከሌለ ዳግም ይስሩት።

ሌላው በእጅ ሚታይ ነው። ሳንቲም ይዞ ሴራሚኩን ከጥግ እስከ ጥግ ይቆርቁር፣ ደንዳና ድምፅ ከሰጠ ማጣበቂያው ሞልቷል፣ ቆሮቆንዳ ሲመታ ሚሰጠውን ድምፅ ከሰጠ ከስሩ ባዶ ነው፣ ቁም ሳጥን ሲቆምበት ይሰነጠቃል። ባዶዎቹ ላይ በቾክ ኤክስ ያድርግ። ብይ ይግዛና ሻወር ውስጥና በረንዳ ላይ ይልቀቃት፣ ወደ መውረጃው ካልሄደች ስሎፑ (ተዳፋቱ) ጠፍቷል። በረንዳው ወደ ሳሎን ካዘነበለ ደግሞ ክረምት ላይ ሳሎንሽ ኩሬ ነው።

ስንጥቅ ላይ አትደናገጡ፣ ሁሉም ስንጥቅ እኩል አይደለም። ብሎኬትና ኮለን (የአርማታው ምሰሶ) ሚገናኙበት ቦታ ቀጥ ብሎ ሚሄድ ቀጭን መስመር ልስኑ ላይ መረብ ስላልተደረገ ነው፣ ያስጠላል እንጂ አይገልም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ሚሄድ ከሆነና የኤቲኤም ካርድ ጠርዝ ሚያስገባ ከሆነ ግን ይፃፍ። ቢም (አግዳሚው አርማታ) ወይ ኮለን ላይ ራሱ አርማታው ላይ ስንጥቅ ካየ እዛው ያቁም፣ ስትራክቸር መሃንዲስ ሳያየው አትፈርሙ።

አሁን ኅዳር ነው፣ ሰማዩ ደረቅ ነው፣ ማንም መስኮት አያፈስም። ስለዚህ ውሃ ሲገኝ በጎማ ከውጪ መስኮቱ ላይ ይርጩበት። የአሉሚኒየሙ ዙሪያ ሲልከን ከውስጥ ብቻ ነው ብዙ ጊዜ ሚቀባው፣ በውጪ በኩል ያለው ይረሳል፣ 5ኛ ፎቅ ላይ ማን ወጥቶ ያያል።

መሃንዲስ ቅጠሪ። በስድስት አመት የከፈልሽውን አስበሽ የአንድ ቀን የሰው ሂሳብ አትሰስቺ።

የሳሪስ ልጅ፦
ቱንቢ ያለውን ዛሬውኑ አድርጉት። እኔ እኮ ያልሰማሁት ሰው ነኝ። ያው እንዳንቺው ውሃ ሳይገባ ፈረምኩ፣ በሰኔ መጨረሻ ገባን፣ ሚስቴ እርጉዝ ስለነበረች ኪራይ ቤት መቆየት አልፈለግንም። ሶስት ሳምንት ሁሉ ሰላም። አንድ እሁድ ጠዋት ቡና እየተፈላ በሩ ተንኳኳ፣ ከስር ያሉት እትዬ ናቸው፣ ነጠላቸውን አደግድገው "ልጄ ይቅርታ ሰላም አደራችሁ፣ እስቲ አንዴ ብቅ በልልኝ" አሉኝ። ወረድኩ። የመኝታ ቤታቸው ጂፕሰም ኮርኒስ ላይ የሰፌድ አፍ የሚያህል ቢጫ ክብ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ፣ አልጋው ላይ ከስሯ የእንጀራ ሊጥ ማቡኪያቸውን ደቅነዋል። ጠብ። ጠብ። ያቺን ድምፅ እስካሁን አልረሳትም።

ካምፓኒው ጋ ስደውል ያነሳው ልጅ ፋይሌን አየና "ጋሼ ፈርመዋል እኮ፣ ምንም ጉድለት የለበትም ብለው" አለኝ። ስድስት ወር ተመላልሼ መጨረሻ ላይ በራሴ ገንዘብ ሻወሩን ከነሴራሚኩ ፈልፍዬ ወተርፕሩፍ (ውሃ እንዳያሳልፍ ሚቀባውን) አስደርጌ መለስኩት፣ የእትዬንም ኮርኒስ እኔ ነኝ ያሰራሁት። ሲፈለፈል ምን እንዳየን ታውቂያለሽ? ከሴራሚኩ ስር ምንም የለም። ጥቁሩ ነገር ጠርዙ ላይ አንድ መዳፍ ያህል ተቀብቶ መሃሉ ዝም ተብሏል። አረጋግጬ ሚለውን ቃል ሳየው እስካሁን ደሜ ይፈላል።

አይመለከተኝም፦
እናንተ ደግሞ ሰው ታስደነግጣላችሁ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ግድግዳውን ራሱ ለስኖ ሽንት ቤት መቀመጫ ራሱ ገዝቶ ገብቶ እየኖረ ነው፣ እናንተ በሳንቲም ሴራሚክ ትቆረቁራላችሁ። እህቴ ቁልፉን ተቀበዪ። ዛሬ ቤት አግኝቶ አልፈርምም ሚል ሰው ነገ ፋይሉ ጠፋ ይባላል። ስንት ሰው እኮ ከፍሎ ጉድጓድ እያየ ነው ያለው። ሚያፈስ ነገር ካለ ገብተሽ ታሰሪዋለሽ።

የሳሪስ ልጅ፦
ወንድሜ ኮንዶሚኒየሙ እኮ ፊኒሺንግ እንደሌለው ተነግሮህ ነው ምትረከበው፣ እሷ ለፊኒሺንጉ ከፍላለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ፣ እኔ ቃል በቃል አፍስሼ ለቅሜአለሁ።

አይመለከተኝም፦
ሃሃሃ እሺ ይሁን። ግን ፋይል ይጠፋል ያልኩትን አስታውሱ።

ጠበቃ አይደለሁም፦
ጠበቃ አይደለሁም ግን ጠበቃ ቢሮ ሰባት አመት ሰርቻለሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ በከፊል። አለመፈረም ብቻውን መብት አያስከብርም፣ ዝም ብሎ መፈረምም ያስቆጫል። ሚሻለው ጉድለቱን ዘርዝሮ ፈርሞ መስጠት ነው። ወንድምሽ ያየውን ሁሉ በቁጥር ይፃፍ፣ ክፍሉን ቦታውን ፎቶውን፣ ሁለት ኮፒ፣ አንዱ ላይ ተቀባዩ ስሙን ቀኑን ፅፎ ፈርሞ ማህተም አድርጎ ይመልስለት። በቃል አስተካክላለሁ ሚባል ነገር የለም፣ ቴሌግራም ላይ የተላከም ቢሆን ከምንም ይሻላል ግን ወረቀት ይሻላል። ፎርማቸው ላይ ያቺን "ምንም ጉድለት የሌለበት" ሚለውን ሰርዛችሁ ከጎኑ "ከተያያዘው ዝርዝር በስተቀር" ብላችሁ ሁለታችሁም ፈርሙባት። አይሰረዝም ካሉ ከፊርማችሁ በላይ በእጅ ፃፉ።

ህጉን በተመለከተ፣ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 2876 ገና ያልተሰራ ቤት ሲሸጥ ውሉ ሚገዛው በማይንቀሳቀስ ንብረት ስራ ውል ደንብ ነው ይላል፣ እዛ ውስጥ ደግሞ ቁጥር 3039 ላይ ሰሪው ከርክክብ ጀምሮ ለ10 አመት የስራውን መልካምነትና ጥንካሬ ዋስ ይሆናል፣ ይሄን ጊዜ በውል ማሳጠር ዋጋ የለውም። ስለዚህ ውላችሁ ላይ ዋስትናው 1 አመት ነው ምናምን ተብሎ ተፅፎ ካያችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ግን አስተውዪ፣ ይሄ ህንፃው ሲሰነጠቅ ሲሰምጥ ግንባታው ሲበላሽ ነው ሚጠቅምሽ፣ በሩ ተጫረ ቀለሙ ለቀቀ ለሚለው ፍርድ ቤት ሄደሽ አታሸንፊም። በአይን ሚታየውን በአይን ስታዪው ነው ምትናገሪው።

10 ፐርሰንቷን ደግሞ ቶሎ አትልቀቂ። ውልሽን አንብቢ፣ ርክክብ ሲፈፀም ነው ሚለው ወይስ ለርክክብ ሲጠሩሽ? አንድ ቃል ነው ልዩነቱ። ሲጠሩሽ ከሆነ ያልከፈልሽው አንቺ ነሽ ጥፋተኛዋ ይላሉ፣ ስለዚህ ያልከፈልሽበትን ምክንያት ቀኑ ሳያልፍ በደብዳቤ አስገቢ።

ሌላ ደግሞ የወንድምሽ ውክልና ላይ "ቤት ለመረከብ" ሚል ቃል አለ? ለማስተዳደርና ለማከራየት ብቻ ከሆነ በር ላይ ይመልሱታል ወይ ደግሞ ይባስ ብሎ ያስፈርሙትና በኋላ ጣጣ ይመጣል። ኤምባሲ ሄደሽ ማሰራት ከነውጭ ጉዳይ ማህተሙ ጊዜ ይፈጃል፣ ዛሬ ይታይ።

የአቡዳቢዋ፦
ወይኔ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ የሳሪስ ልጅ ያንተን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። ውክልናውን አየሁት "ለመረከብ፣ ካርታ ለመቀበል" ይላል ተመስገን። ውሉ ደግሞ "ርክክብ ሲፈፀም" ነው ሚለው። ወንድሜ ዛሬ አንድ መሃንዲስ አግኝቷል በጓደኛው በኩል፣ 12 ሺህ ብር አለ ለሁለት ቀን፣ እሺ ብያለሁ። ኤሌክትሪኩን ግን ማንም አላነሳውም፣ ሶኬት ላይ ቻርጀር ሰክቶ ይሰራል ብሎኛል፣ ይበቃል?

ፌዝና ኒውትራል፦
አይበቃም። ቻርጀር እኮ በማንኛውም ነገር ይሰራል።

አንደኛ መብራቱ ከየት ነው የመጣው? የራሷ ቆጣሪ ገብቷል ወይስ ገና የግንባታው ሃይል ነው? ብዙ አዲስ ህንፃ ላይ ሰው ሚረከበው በግንባታ መስመር ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲገባ ማታ ማታ ይወርዳል፣ ሂሳቡም በጋራ ይከፋፈላል፣ አንዱ ምጣድ ይጥዳል ሌላው ይከፍላል። ቆጣሪ መቼ እንደሚገባ ዝርዝሩ ውስጥ ይካተት።

ሁለተኛ ብሬከር ሳጥኑን ይክፈት። አንድ አንድ እያደረገ ያጥፋና የትኛው ክፍል እንደጠፋ ይፃፍ። ስም ያልተፃፈበት ሳጥን ካለ ሰሪው ራሱ አያውቀውም ማለት ነው። ቴስት ሚል ትንሽ በተን ያለው ብሬከር መኖር አለበት፣ ስትጫኚው ቀጭ ብሎ መውረድ አለበት፣ እሱ ነው ሻወር ውስጥ ሰው ከመሞት ሚያድነው። ላዩ ላይ 30 ሚሊአምፔር ይላል። ሶኬቶቹን በሶስት መብራት ቴስተር ይያቸው፣ ኤሌክትሪክ እቃ ቤት ይሸጣል ውድ አይደለም፣ ኤርዝ (የመሬት መስመር) ሳይገባ ለአይን ብቻ የተቀመጠ ሶኬት ስንት አይቻለሁ መሰላችሁ።

ሶስተኛና ዋናው ምጣድ። እህቴ ሰው ስለ ጃኩዚ ይጠይቃል ስለ ምጣድ አይጠይቅም። የእንጀራ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ይጎትታል፣ በ220 ቮልት ስታካፍዪው 16 አምፔር ነው። የኪችኑ ሶኬት መስመር በ2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ተስቦ 16 ብሬከር ላይ ካለና ፍሪጁም ከሱ ላይ ከሆነ አስቢው። ወይ አስራ አምስተኛው እንጀራ ላይ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይ ደግሞ ሰሪው ብልጥ ሆኖ ትልቅ ብሬከር ቀይሮበት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይጋላል። ሁለተኛው ነው ሚያስፈራው። ለምጣድ ለብቻው 4 ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከር፣ መሰኪያ ሳይሆን ማብሪያ ማጥፊያ ያለው መስመር ነው ሚሰራለት። ሶኬት ላይ ከተሰካ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ሲቀልጥ ታዪዋለሽ፣ እናቴ ቤት ያየሁት ነው። ቦይለሩም እንደዛው ለብቻው።

ቱንቢ፦
ፌዝ ልክ ነው፣ እኛ ፕላን ላይ ኦቨን ብለን ነው ምንስለው ምጣድን ማን ያስታውሰዋል። አንድ የረሳሁት፣ ስፋቱን ይለኩ። ከግድግዳ ውስጥ ወደ ግድግዳ ውስጥ፣ ክፍል በክፍል። ከ92 ይለያል ብዬ አሁኑኑ እወራረዳለሁ። ሊፍቱንም ይጠይቅ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ያነሳል ወይስ የደረጃ አምፖል ብቻ ነው? 5ኛ ፎቅ ነው እኮ፣ ጀሪካን ይዞ ሚወጣው ማነው? መሬት ስር ያለው ታንከር ስንት ሺህ ሊትር ነው፣ ፓምፑ ስንት ነው፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ለዚህ ሁሉ ሰው ይበቃል? ህንፃው የመጠቀሚያ ፈቃድ ወጥቶለታል ወይ ሚለውንም ያንሳው፣ መልሱን ብቻ ሳይሆን ፊታቸውንም ይይ።

አይመለከተኝም፦
ፓርኪንጉን ረስታችኋል። ቁጥሯ ከተፃፈበት ቦታ መኪና አስገብቶ ይሞክር። የአጎቴ ልጅ ቦታ ላይ ኮለን ቆሞበታል፣ እንደ ቪትዝ ያለች ትንሽ መኪና ብቻ ናት ምትገባው፣ እሷም በሯ አይከፈትም።

የሳሪስ ልጅ፦
አይመለከተኝም ብለህ ስንት ነገር ተመለከተህ ሃሃሃ

የአቡዳቢዋ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ምን ሆነች ላላችሁኝ ተመልሻለሁ። ቅዳሜ ወንድሜና መሃንዲሱ አምስት ጀሪካን በባጃጅ ጭነው ሄዱ። ጥበቃው ሲያያቸው የት ነው ልቅሶ ቤት ነው ወይ አላቸው አሉ። የሽያጭ ልጅቷ መጀመሪያ ውሃ ማፍሰስ አይፈቀድም አለች፣ መሃንዲሱ በእርጋታ እንግዲያው አልተፈተሸም ብላችሁ ፃፉልን አላት፣ ደወለች፣ ተፈቀደ።

ሁለቱንም ሻወር ሞልተው እሁድ ተመለሱ። የዋናው መኝታ ውሃው ከፕላስተሩ ንቅንቅ አላለም። የትንሹ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ወርዷል። 4ኛ ፎቅ ገና ያልተረከቡት ቤት ነው፣ አስከፍተው ገቡ፣ ኮርኒሱ ላይ የሲኒ ማስቀመጫ ሰሃን የሚያህል እርጥብ ክብ። ፎቶውን ሲልክልኝ የሳሪስ ልጅ አንተን ነው ያሰብኩት፣ እኔ ያወቅኩት እኮ ማንም ሳይተኛበት ነው። ወንድሜ ደግሞ እንዴት እንደተደሰተ፣ ያሰላሁት ልክ መጣ ይላል፣ ቤቴ እያፈሰሰ።

ባዶ ድምፅ ያለው ሴራሚክ 14። የልጆች ክፍል መስኮት ቱንቢ እንዳልከው በውጪ በኩል ሲልከን የለውም። ስንጥቅ ከአንዱ በር በላይ ያለች የፀጉር ያህል ናት፣ መሃንዲሱ ተዋት አለ። ሻወሩ ላይ ብዩዋ ወደ በሩ ሄደች። ስፋቱ በውስጥ ሲለካ 79 ካሬ ከምናምን ነው፣ ልቤ ስንጥቅ አለ፣ ውሉን እንደገና ሳነብ ግን 92ቱ "ግሮስ" ነው፣ የግድግዳውና የደረጃው ድርሻ አብሮ ነው። ሲሸጡልኝ ያቺን ቃል ማን አስተውሏት።

ባጠቃላይ 31 ነጥብ ፃፉ። ሳይት መሃንዲሳቸው አብሮ ዞሮ እያንዳንዷን አይቶ ፈረመ፣ እውነት ለመናገር እሱ ጥሩ ሰው ነው፣ ጥፋቱ የኛ ነው እናስተካክላለን አለ። ቢሮ ሲመጡ ነው ፎርማችን አይቀየርም የተባለው፣ ግማሽ ሰአት ተከራክረው በእጅ ፅፈው ሊፈርሙ ሲሉ ማናጀሩ እንግዲያው ተስተካክሎ ሲያልቅ ፈርሙ ብሎ ተወው። ሶስት ሳምንት ተብሏል፣ ማህተም ያለው ደብዳቤ ሰጥተዋል፣ የጥበቃ ሂሳብም እስከዛ አይቆጠርም ብለው እዛው ላይ ፃፉ። 10 ፐርሰንቱ እኔ ጋ ነው። ቁልፍ አልተቀበልንም።

ጠበቃ አይደለሁም፦
በጣም ጥሩ። ግሮሱን ተይው፣ ውሉ ላይ ካለ አለ ነው፣ ለሌላ ጊዜ ትምህርት ይሁንሽ። ከሶስት ሳምንት በኋላ የጀሪካኑን ፈተና ይድገሙት፣ ከላይ ሲልከን ለቅልቀው ጨረስን ሊሏችሁ ይችላሉ።

ቱንቢ፦
ይሄን አስምሩበት። ሴራሚኩ ተነስቶ ወተርፕሩፉ ሲቀባ ወንድምሽ ቆሞ ይይ፣ ፎቶ ያንሳ፣ ጠርዙ ላይ ወደ ግድግዳው ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል መውጣት አለበት፣ ሻወሩ በሚረጭበት በኩል ከዛም በላይ። ሴራሚክ ከመመለሱ በፊት ውሃ ይሞላበት። ከተመለሰ በኋላ ሞልተሽ ካፈሰሰ እንደገና ፍለጣ ነው። ስሎፑንም ያኔ አብረው ያስተካክሉት።

የአቡዳቢዋ፦
እሺ እነግረዋለሁ። ፌዝ ያንተን ደግሞ ልረሳው ነበር፣ ኪችኑ በ2.5 ነው የተሳበው፣ የምጣድ መስመር የለም፣ ኦቨን ሚል አንድ ሶኬት ብቻ ነው ያለው። ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል ግን ይሄ ውሉ ላይ ስለሌለ ተጨማሪ ክፍያ ነው ብለዋል። ለእናቴ የቤቱን ቪዲዮ ላኩላት፣ ሳሎኑን መስኮቱን ወለሉን ሁሉ አየች አየችና ምጣዱ የት ነው ሚቀመጠው ብቻ ነው ያለችኝ። ምን ልበላት?

ፌዝና ኒውትራል፦
እማማ ገብቷቸዋል። ክፍያውን ከፍለሽ አሰሪው አትከራከሪ፣ ግን አሁኑኑ ቀለሙ እንደገና ሳይቀባ፣ በኋላ ከሆነ ግድግዳ ሊፈለጥ ነው። ኪችኑ በረንዳ ካለው በበረንዳው በር በኩል ባለው ግድግዳ ይሁን፣ እንፋሎቱ እንዲወጣ፣ ከላቫንዲኖው ራቅ ብሎ። ማብሪያ ማጥፊያው በእሳቸው ደረት ልክ ከፍ ተደርጎ ከምጣዱ ወደ ጎን ይገጠም፣ በላዩ ላይ እጅ ዘርግተው እንዳያጠፉ። እናትሽ ቀኝ ናቸው ግራ? ጠይቂያቸውና በሚያሰፉበት እጅ በኩል ይደረግላቸው።